የአሮጌ ጠመንጃ ስምና ማኅተም

ባለ ሁለት አፈሙዝ አሮጌ የአደን ጠመንጃ ለመሰብሰብ የሚሻ ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው በብረቱ ላይ የተቀረጸውን የሠሪውን ስም ነው። ሻጩም ዋጋውን ከፍ የሚያደርገው በዚሁ ስም ነው። ነገር ግን ስም ማንም ሊቀርጸው ስለሚችል እርሱን ብቻ አምኖ ገንዘብ መክፈል አይገባም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በቤልጅግ የተሠሩ ርካሽ ጠመንጃዎች «ደብልዩ ሪቻርድስ» የሚል ስም ተቀርጾባቸው ወደ አሜሪካ ይላኩ ነበር። ዌስትሊ ሪቻርድስ የተባለው የበርሚንግሃም ሠሪ ስመ ጥር ስለ ነበረ፣ ብዙ ገዢ የእርሱ ሥራ መስሎት ተታሏል። (በእኛም አገር «በልጅግ» የተባለው ጠመንጃ ስሙን ያገኘው ከዚያው አገር ነው።)

እውነተኛው ማስረጃ ያለው ከሥር ነው። አፈሙዙ ከሰደፉ ተነቅሎ ሲገለበጥ፣ ከልክ ባለፈ ባሩድ ተተኵሶ መቻሉን የሚመሰክር የፈተና ቤት ማኅተም ይታያል። በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ «ኢ ኤል ጂ» የሚሉ የላቲን ፊደላት ቢገኙ፣ ጠመንጃው የተፈተነው በቤልጅግ በሊዬዥ ከተማ ነው፤ ዘውድ ከተጨመረበት ደግሞ ከ1893 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። የበርሚንግሃም ፈተና ቤት የቆመው በ1813 እ.ኤ.አ. ነው፤ የለንደን ጠመንጃ ሠሪዎች ማኅበር ግን የንጉሥ ፈቃድ ያገኘው በ1637 እ.ኤ.አ. ነው። አፈሙዙን ነቅሎ ለማሳየት ከሚያቅማማ ሻጭ ጋር ዋጋ መነጋገር ትርፍ ድካም ነው።

ብረትና ፖላድ አብሮ ተገምዶ የተሠራው፣ ጌጡም እንደ ውኃ ሞገድ የሚታየው «ደማስቆ» የሚባለው አፈሙዝ እጅግ ያማረ ነው። ሆኖም አብዛኛው የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ስለ ሆነ፣ በዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ ቢተኰስ በተኳሹ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።