መካከለኛ ሌንስ ከመግዛት በፊት፦ የጎደለው ርቀት ነው ወይስ ብርሃን?

ባሕር ዳር፦ ጥር ሲገባ ድንኳን የማይተከልበት ሰፈር፣ የሠርግ ዘፈን የማይሰማበት ቀበሌ ጥቂት ነው። ጥምቀትና የአገው ፈረሰኞች በዓልም በዚሁ ወር ይከበራሉ። ገበሬው በክረምት የዘራውን በበጋ መባቻ እንደሚሰበስብ ሁሉ፣ የፎቶግራፍ ባለሙያውም ዓመቱን ሙሉ ያሰናዳውን መሣሪያና ሙያ ወደ ገቢ የሚለውጠው በአብዛኛው በእነዚህ ሳምንታት ነው።

በዚህ ሥራ የተሰማሩ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ። ካሜራው ሲገዛ አብሮት የመጣ ትንሽ ሌንስ አለ፤ ቀጥሎ አነስተኛ ዋጋ ያለው 50 ሚሊሜትር ተገዝቷል፤ አንዳንዶችም ሩቁን የሚያቀርብ ረጅም ሌንስ ጨምረዋል። ስብስቡን የሚያሟላው፣ ከሠርጉ ጠዋት እስከ ማታ ከካሜራው ሳይወልቅ የሚውለው መካከለኛ ሌንስ ግን የትኛው ይሁን?

ጥያቄው የሙያ ብቻ ሳይሆን የገንዘብም ነው። ጥሩ መካከለኛ ሌንስ ብዙ ጊዜ ከካሜራው አካል የበለጠ ዋጋ ያስወጣል። ገንዘቡ ደግሞ ለዓመታት ከተቆጠበ፣ በብድር ከተገኘ ወይም ቤተሰብ ከብት ሸጦ ካዋጣው ላይ የሚወጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምርጫው በስም ዝናና በሌንሱ ግዝፈት ሳይሆን፣ በሥራው ፍላጎት ሊመዘን ይገባል።

የቁጥሮቹ ትርጉም

በሌንስ ላይ የሚጻፈው የሚሊሜትር ቁጥር የእይታውን ስፋት ያመለክታል። ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ሰፊ ቦታ ያሳያል፤ ሲጨምር ሩቁን አቅርቦ ጠባብ ቦታ ያሳያል። በስሜን ተራሮች ከገደል ማዶ የቆመን ዋልያ ለማንሣት 300 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ጠባብ ሳሎን ውስጥ የተሰበሰበን ቤተ ዘመድ በአንድ ፎቶ ለማካተት ደግሞ 24 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ይመረጣል። በሁለቱ መካከል ያለውን፣ አብዛኛውን የሰው ልጅ ሕይወት የሚሸፍነውን ርቀት የሚይዘው መካከለኛው ሌንስ ነው። በስፋት የሚታወቁት ከ24 እስከ 70 እና ከ24 እስከ 105 ሚሊሜትር የሚዘረጉት ናቸው።

ሆኖም እነዚህ ቁጥሮች በሁሉም ካሜራ ላይ አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጡም። በካሜራው ውስጥ ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር በሁለት ዋና ዋና መጠኖች ይገኛል። ፉል ፍሬም የሚባለው 36 ሚሊሜትር ያህል ስፋት አለው፤ እንደ ካኖን 5ዲ እና 6ዲ ያሉት በዚህ ይመደባሉ። ክሮፕ የሚባለው ያነሰ ነው፤ በካኖን 700ዲ እና 80ዲ ላይ ያለው 22 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። በዚህ ምክንያት በካኖን ክሮፕ ካሜራ ላይ የሌንሱ ቁጥር በ1.6፣ በኒኮንና በሶኒ ደግሞ በ1.5 ተባዝቶ ይታሰባል። ከ24 እስከ 70 የነበረው ሌንስ በካኖን ክሮፕ ላይ እንደ 38 እስከ 112 ሆኖ ይሠራል ማለት ነው።

ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ በሠርግ ቤት ውስጥ ግን ይገለጣል። ባለሙያው ከሙሽሮቹ 4 ሜትር ርቆ ቆሟል እንበል፤ ከኋላው ግድግዳ ስለሆነ ወደ ኋላ ማፈግፈግ አይችልም። በፉል ፍሬም ካሜራ ላይ ያለ 24 ሚሊሜትር 6 ሜትር ስፋት ያሳየዋል፤ ሙሽሮቹን ከነሚዜዎቻቸው ይይዛል። ያው ሌንስ በክሮፕ ካሜራ ላይ ከ4 ሜትር በታች ስፋት ብቻ ያሳያል፤ ዳር ያሉት ሚዜዎች ይቆረጣሉ። በዚያው ቦታ 50 ሚሊሜትር የገጠመ ባለ ክሮፕ ካሜራ ደግሞ የሚያገኘው ስፋት 1 ሜትር ከ80 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ለሁለቱ ሙሽሮች ይበቃል፤ ለቤተሰብ ፎቶ ግን አይሆንም። ለክሮፕ ካሜራ ትክክለኛው መካከለኛ ሌንስ ከ17 ወይም ከ18 ሚሊሜትር የሚጀምረው የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

የጎደለው ምንድን ነው?

እዚህ ላይ ብዙ ገዢዎች የሚያልፉት ነጥብ አለ። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚመጣው ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር የሚዘረጋው ሌንስ በርቀት ረገድ ራሱ መካከለኛ ሌንስ ነው። ከ50 ሚሊሜትርና ከ75 እስከ 300 ሚሊሜትር ከሚደርስ ረጅም ሌንስ ጋር ሲደመር በርቀት በኩል ይህ ነው የሚባል ክፍተት አይኖርም። ታዲያ የማታው ፎቶ ለምን ይደበዝዛል? የጎደለው ርቀት ሳይሆን ብርሃን ስለሆነ ነው።

የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ በኤፍ ቁጥር ይገለጻል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ኤፍ 2.8 ከኤፍ 4 እጥፍ፣ ከኤፍ 5.6 ደግሞ አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ከ18 እስከ 55 የሚደርሰው ሌንስ በሰፊው በኩል ኤፍ 3.5 ሲሆን፣ ወደ 55 ሲጠጋ ወደ ኤፍ 5.6 ይጠብባል። መካከለኛ ሌንስ ኤፍ 2.8 ከሆነና ዙሙ ቢለዋወጥም ይህ ቁጥር ካልተቀየረ፣ ዋጋውን የሚያስወድደው ይኸው ነው።

በእስክስታ ላይ ያለ ትከሻ ለአፍታም አይቆምም። በደካማ መብራት በኤፍ 5.6 አንድን ፎቶ ለማንሣት የሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ጊዜ ቢያስፈልግ፣ በኤፍ 2.8 ያው ፎቶ በሰከንድ አንድ ሁለት መቶኛ ይነሣል። በመጀመሪያው የጭፈራው ትከሻ ጉም ይሆናል፤ በሁለተኛው የመጥራት ዕድሉ እጅግ ይጨምራል። በሌንሱ ላይ ያለው የመንቀጥቀጥ መከላከያ ይህን አይተካም። እርሱ የሚያረጋጋው የፎቶ አንሺውን እጅ እንጂ የጨፋሪውን ትከሻ አይደለም።

ብርሃን በሌለበት ፍላሽ መፍትሔ ይሆናል፤ ይሁን እንጂ ሁልጊዜ አይፈቀድም። ጥንታዊ ሥዕል ባለባቸው አብያተ ክርስቲያናትና ሥርዓተ ጸሎት በሚደረግበት ሰዓት ፍላሽ የሚከለከልበት ጊዜ አለ። በእንዲህ ያለው ቦታ ብርሃን በብዛት የሚያስገባ ሌንስ ያለው ባለሙያ ብልጫ ይኖረዋል።

የትኛው ለማን?

ሥራው በአብዛኛው ሠርግ፣ ልደትና የማታ ዝግጅት ለሆነ፣ ካሜራውም ክሮፕ ለሆነ ባለሙያ ተስማሚው ከ17 እስከ 50 ወይም 55 ሚሊሜትር ባለ ኤፍ 2.8 ሌንስ ነው። ካኖን በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው ከ17 እስከ 55 የሚደርሰው እና ሲግማ የሠራው ከ17 እስከ 50 የሚደርሰው ሌንስ የመንቀጥቀጥ መከላከያም አላቸው።

ካሜራው ፉል ፍሬም ከሆነ ምርጫው ወደ ሁለት ይጠብባል። ማታና ቤት ውስጥ ለሚሠራ ከ24 እስከ 70 ኤፍ 2.8 ይሻላል። በቀን ብርሃን ለሚውል ደግሞ ከ24 እስከ 105 ኤፍ 4 ይመረጣል። የመስክ ቀን በዓላትን፣ በኩታ ገጠም የተዘራ ስንዴን፣ የመስኖ ሥራንና የአርሶ አደሮችን ገጽታ የሚያነሣ የኮሙዩኒኬሽን ባለሙያ ከኤፍ 2.8 ይልቅ የ105 ሚሊሜትሩ ርዝመት ይጠቅመዋል፤ ቀን ፀሐይ ባለበት ሜዳ ላይ ብርሃን አይቸግረውምና። ለተመሳሳይ ሥራ ክሮፕ ካሜራ ላለው ከ18 እስከ 135 የሚደርሰው ሌንስ ይበቃዋል።

ገንዘቡ ላልሞላለትም መንገድ አለ። 50 ሚሊሜትሩ ኤፍ 1.8 ስለሆነ ከኤፍ 2.8 ሌንስ እንኳ ከእጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል። ከእርሱ ጎን ለክሮፕ ካሜራ 24 ሚሊሜትር ባለ ኤፍ 2.8 ትንሽ ሌንስ ቢጨመር፣ ሁለቱ በአንድነት ከውድ ዙም ባነሰ ወጪ ብዙ ሥራ ይሸፍናሉ። የሚከፈለው ዋጋ ሌንስ በመቀያየር የሚባክነው ጊዜ ነው። በኤፍ 1.8 ሲሠራ ደግሞ በፊትና በኋላ ከቆሙ ሁለት ሰዎች አንዱ ሊደበዝዝ እንደሚችል መዘንጋት አያስፈልግም።

ከመወሰን በፊት ግን ነፃ የሆነ አንድ ምርመራ አለ። እያንዳንዱ ፎቶ በስንት ሚሊሜትር እንደተነሣ ራሱ መዝግቦ ይይዛል፤ በኮምፒውተር ላይ የፎቶውን ዝርዝር መረጃ በመክፈት ማየት ይቻላል። ካለፈው ሠርግ ደንበኛው የመረጣቸውን 100 ፎቶዎች ወስዶ መቁጠር ነው። አብዛኞቹ ከ18 እስከ 30 ባለው ውስጥ ከሆኑ፣ በክሮፕ ካሜራ ላይ ከ24 የሚጀምር ሌንስ መግዛት "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" ይሆናል። የደበዘዙት በብዛት የማታዎቹ ከሆኑ ደግሞ መልሱ ኤፍ 2.8 ነው።

የማይገጥም ሌንስ እንዳይገዛ

ሌንስና ካሜራ የሚጋጠሙበት ቀለበት ማውንት ይባላል፤ እያንዳንዱ አምራች የራሱ አለው። የካኖን ሌንስ በኒኮን ካሜራ ላይ በቀጥታ አይገጥምም። በአንድ አምራች ውስጥም ልዩነት አለ። ካኖን ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተጠቀመበት ኢኤፍ ማውንት በሁለቱም የሴንሰር መጠን ላይ ይገጥማል፤ ለክሮፕ ብቻ የተሠሩት ኢኤፍ-ኤስ ሌንሶች ግን በፉል ፍሬሙ ላይ አይገጥሙም። በ2018 እ.ኤ.አ. የመጣው አርኤፍ ማውንት ደግሞ ለመስታወት አልባዎቹ አዳዲስ ካሜራዎች ነው። የቀድሞው ኢኤፍ ሌንስ በአገናኝ ቀለበት በአዲሱ ካሜራ ላይ ይሠራል፤ አዲሱ አርኤፍ ሌንስ ግን በቀድሞው ካሜራ ላይ አይሠራም። ወደፊት ካሜራ ለመቀየር ላሰበ ሰው ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው።

በኒኮንም ጥንቃቄ ያሻል። የ3000 እና የ5000 ተከታታይ ካሜራዎች በውስጣቸው የፎከስ ሞተር ስለሌላቸው፣ የራሱ ሞተር የሌለው አሮጌ ሌንስ ቢገጠምባቸው ፎከስ የሚደረገው በእጅ ብቻ ነው። ሲግማና ታምሮን አንድን ሌንስ ለተለያዩ ካሜራዎች ስለሚያመርቱም የሌንሱን ስም ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ ለየትኛው ካሜራ እንደተሠራ መጠየቅ ያስፈልጋል። አሜሪካ ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ ገዝቶ እንዲልክ የሚያደርግ ሰው የካሜራውን ሙሉ ስምና የማውንቱን ፎቶ አብሮ ቢልክ ይመከራል። የማይገጥም ሌንስ ባሕር ተሻግሮ ከመጣ በኋላ መመለስ ከባድ ነው።

ያገለገለ ሲገዛ

ያገለገለ ሌንስ መግዛት ነውር የለውም፤ በአግባቡ የተያዘ ሌንስ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ሆኖም በእጅ ሳይመረመር ገንዘብ መክፈል ተገቢ አይደለም። በመጀመሪያ የስልክ መብራት ከኋላ በኩል አብርቶ በመስታወቱ ውስጥ ማየት ነው። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ክር ከታየ ሻጋታ ነው፤ ቢተው ይሻላል። ጥቂት አቧራ በፎቶ ላይ ብዙም አይታይም። ቀጥሎ ዙሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማዞርና መንገጫገጭ ወይም መያዝ እንዳለው መፈተሽ ያስፈልጋል። ከዚያ በራስ ካሜራ ላይ ገጥሞ በሰፊው፣ በመካከልና በረጅሙ በኩል፣ ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ፎቶ ማንሣት፤ ፎቶዎቹንም አጉልቶ ማየት ይገባል።

ከተገዛ በኋላም አያያዙ ዕድሜውን ይወስናል። ሻጋታ እርጥበት ይወዳል፤ ስለዚህ በክረምት ሌንስን በደረቅ ቦታ፣ እርጥበት ከሚመጥጡ ትናንሽ ከረጢቶች ጋር ማስቀመጥ ይረዳል። ረጥቦ የመጣ ሌንስ ቦርሳ ውስጥ ሊዘጋበት አይገባም። አቧራ ባለበት የገጠር መንገድና በጎንደር የጥምቀት በዓል ውኃ በሚረጭበት ሰዓት ሌንስ መቀየር አይመከርም። መቀየር ግድ ከሆነ ካሜራውን አጥፍቶ፣ አፉን ወደ ታች ደፍቶ፣ ነፋሱን በጀርባ ከልሎ መሆን አለበት። ቀኑን ሙሉ ሳይወልቅ የሚውል አንድ መካከለኛ ሌንስ የሚወደደውም ለዚህ ጭምር ነው።

ጉዳዩ ደጋሹንም ይመለከታል። ልጁን የሚድር ቤተሰብ ባለሙያ ሲመርጥ የሌንሱን ግዝፈት ከማየት ይልቅ፣ ከዚህ በፊት ማታና ድንኳን ውስጥ ያነሣቸውን ፎቶዎች አሳየን ቢል ይበጀዋል። በቀትር ፀሐይ ሜዳ ላይ የተነሣ ፎቶ በየትኛውም ካሜራ ያምራል። ሽማግሌዎች ሲመርቁ በአምፖል ብርሃን የተነሣው ጠርቶ ከወጣ ግን፣ ባለሙያው ሙያውንም መሣሪያውንም ያውቃል ማለት ነው። የምርቃቱ ሰዓት አንዴ ካለፈ ተመልሶ አይነሣምና።