ጀጎል ውስጥ ሰው የት ያርፋል?

ሐረርን ለሁለት ቀን የጎበኘ ሰው ያየውን በአንድ ትንፋሽ ይዘረዝርልዎታል፦ ጅቡ፣ ራምቦ ቤት፣ ቀለም የተቀባው ግድግዳ፣ ስፌቱ፣ ቡናው። ይህ የእንግዳ ዝርዝር ነው። እዚያው ተወልዶ እዚያው የሚያረጀው ሰው ሥራው ሲያበቃ ወዴት እንደሚል፣ ሴቶቹ የት ተቀምጠው እንደሚጫወቱ፣ ልጆቹ የት እንደሚሯሯጡ ግን ብዙም አይወራም። የዛሬው ትውውቃችን ከዚህኛው ሐረር ጋር ነው።

በመጀመሪያ በግንብ ስለታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ስለ ጀጎል ስፋት። የከተማው ገዥ የነበሩት አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስገነቡት የጀጎል ግንብ ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውስጡ 48 ሄክታር ብቻ። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው በዚህች ጠባብ መሬት ላይ 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ፣ ማለትም የሙስሊም ቅዱሳን፣ መካናት እንዳሉ ቆጥሯል። በዚያ ላይ እርስ በርሳቸው የተደጋገፉ ቤቶች፣ ገበያዎች፣ አህያ ከነጭነቷ ስታልፍ ሰው ግድግዳ የሚለጠፍባቸው መተላለፊያዎች አሉ። ለመናፈሻ የሚተርፍ መሬት የለም። ኳስ የሚያምረው ወጣት ከግንቡ ይወጣል፤ ኢማም አሕመድ ስታዲየምም ያለው ከግንቡ ውጪ ነው። ትንንሾቹ ልጆች በየጠባቡ መንገድ ይጫወታሉ፤ መኪና ስለማይገባበት ለእነሱ ከብዙ የአዲስ አበባ ሰፈር የተሻለ ሜዳ ነው።

ሜዳ ያጣው የጀጎል ሰው ታዲያ መቀመጥን ጥበብ አድርጎታል። የሐረሪ ቤት ዋናው ክፍል ሲገቡበት ወለሉ አንድ ወጥ አይደለም፤ ነደባ የሚባሉ አምስት መደቦች ከፍና ዝቅ ብለው ይጠብቁዎታል። ከመካከላቸው በአሚር ስም የሚጠራው ለአባወራውና ለክቡር እንግዳ ነው፤ ሌላው እንደየዕድሜውና እንደየደረጃው ቦታውን ያውቃል። በግድግዳው ላይ የመጻሕፍትና የዕቃ ማስቀመጫ መስኮቶች ተቀርጸዋል፤ ከነሱ በላይ ስፌቱ በቀለም በቀለሙ ተደርድሯል። ወለሉና የመደቦቹ ፊት ቀይ ነው። ቀይነቱ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ እንደሆነ ይነገራል። መዝናኛ የሚያክል ነገር በሐዘን ቀለም ላይ ተነጥፎ መገኘቱ ለእኔ የዚህች ከተማ ጠባይ ነው፤ ሐረር የረሳችውን ነገር ለማግኘት ብዙ መፈለግ ያሻል።

ያ ስፌት ለጌጥ ብቻ የተሰቀለ አይደለም። ልጃገረዶች ከእናቶችና ከጎረቤቶች ጋር ክብ ሠርተው ሲሰፉ ጨዋታው፣ ሐሜቱ፣ ዘፈኑና ትምህርቱ አብሮ ይሄዳል። ገበያ ወጥቶ ለቱሪስት የሚሸጠው ከዚያ የተረፈው ነው ለማለት ይቻላል። ዛሬ ሰፊዎቹ መቀነሳቸው አይካድም፤ ትምህርት ቤት የምትውል ልጅ አንድ ትልቅ ስፌት ለመጨረስ ወራት የላትም።

ከሰዓት በኋላ የወንዶቹ መቀመጫ ከጫት ጋር ነው። የጫት ዋና ገበያ የሆነው አወዳይ ለሐረር የቅርብ ጎረቤት ስለሆነ ለምለሙ ቅጠል ሳይጠወልግ ጀጎል ይደርሳል። በርጫ በሚባለው የመቃሚያ ጉባኤ ላይ ንግድ ይመከራል፣ ጠብ ይበርዳል፣ ታሪክ ይወራል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን በየቀኑ ግማሽ ቀን የሚበላ፣ ኪስም የሚያራግፍ መዝናኛ መሆኑንም ሳልናገር አላልፍም። ለወጣቱ ሌላ መዋያ አለመኖሩ የጫቱን ሰዓት ያረዝመዋል።

ማታ ማታ፣ በተለይ ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ፣ ጨዋታው ወደ አዋች ይዞራል። አዋች የአውሊያዎች መካን ነው። ሰዉ ተሰብስቦ ዚክር ያደርጋል፤ ከበሮ ይመታል፣ የእንጨት ማጨብጨቢያ ይንቋቋል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ከቡና ቅጠል የሚፈላው ቁጢም ይዞራል። አምልኮው የቱ ጋ አብቅቶ ሙዚቃው የቱ ጋ እንደጀመረ ለመለየት የሚሞክር ሰው ምሽቱን ያባክናል። ለሴቶች ደግሞ እንደ አይ አቢዳ ያለው የሴት አውሊያ መካን የልመናም፣ የመገናኛም ስፍራ ነው። ከተማ አዳራሽ ሠርቶ፣ ድምፅ ማጉያ ገዝቶ፣ ትኬት ቆርጦ የሚያቀርበውን ነገር አዋች በነጻ ሲያቀርብ ስንት መቶ ዓመት ኖሯል።

የዚህ ሁሉ ጫፍ ሹዋሊድ ነው። ከረመዳን ፍቺ በኋላ ሴቶች የሚጾሙት የስድስት ቀን ጾም ሲያበቃ ሦስት ቀን የሚከበር በዓል ነው። ጀጎል አንድ ላይ አደባባይ የሚወጣበት ጊዜ ቢኖር ይህ ነው፤ ሴቱ በሐር፣ ወንዱ በኮፊያ አጊጦ፣ ወጣቶቹ ቡድን ቡድን ሆነው እየዘፈኑ ያመሻሉ። በቀድሞው ልማድ ወጣቶች የወደፊት የትዳር ጓደኛቸውን የሚያጩበት መድረክም ነበር፤ ዛሬም ጨርሶ አልቀረም። ዩኔስኮ በኅዳር 2016 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። በውጭ አገር የሚኖሩ ሐረሪዎች፣ ለምሳሌ በቶሮንቶና በሜልቦርን ያሉት፣ አገር ቤት ለመምጣት ቀን ሲመርጡ ከዚህ በዓል ጋር ቢያገጣጥሙት አያስገርምም።

ይህን ሁሉ አስተባብሮ የያዘው አፎቻ ነው። ከእድር ጋር ይመሳሰላል፤ ግን ለቅሶ ብቻ አይደርስም፤ ሠርጉም የእሱ ነው። ወንዶች የራሳቸው፣ ሴቶችም የራሳቸው አፎቻ አላቸው። ሙሽራ ስትዳር የሴቶቹ አፎቻ ሥራውንም ዘፈኑንም ተካፍሎ ይመጣል። የጀጎልን ባህል የሚያስቀጥል መሥሪያ ቤት የቱ ነው ብትሉኝ ከቢሮዎቹ ሁሉ አስቀድሜ አፎቻን እጠራለሁ።

ከቤት ውጪ ያለውን ባጭሩ እንለፈው። ፈረስ መጋላ የቆመበት ሁሉ ወሬ የሚያገኝበት አደባባይ ነው። ከዚያ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ፣ በልብስ ሰፊዎቹ የስንጀር መኪናዎችና በጨርቅ ነጋዴዎቹ መሐል ቁልቁል ሲወርዱ ትልቁ ገበያ ይደርሳሉ። እዚያ ሥጋ የገዛ ሰው ጭልፊቶቹን እያየ ይራመድ፤ ከእጅ ይነጥቃሉ። ልጆች ይህን ለማየት ብቻ ይቆማሉ። ለጣፋጭ ሐልዋ አለ።

ሙዚየም የሚባለው ነገር ለነዋሪው ሩቅ በሆነበት አገር ሐረር የተለየ ታሪክ አላት። አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ የተባሉ የከተማው ሰው እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስተው የብራና መጻሕፍትን፣ ሳንቲሞችን፣ ልብሶችን፣ የጦር መሣሪያዎችን፣ የድሮ ዘፈን ቅጂዎችን በግላቸው ይሰበስቡ ጀመር። በመጀመሪያ ያሳዩት በገዛ ቤታቸው ነበር። በኋላ የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው፣ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ባለ ፎቅ ቤት ተሰጣቸው። ሐረር በአንድ ወቅት መጽሐፍ በመጻፍና በመጠረዝ የታወቀች ነበረች፤ እሳቸውም ብራና ማደስና መጠረዝ እንዲያንሰራራ ለፍተዋል። የነዋሪው ሙዚየም የሚያሰኘው ዕቃው ከየቤቱ መምጣቱ ነው፤ ጎረቤት የአያቱን መጽሐፍ መስታወት ውስጥ ያየዋል። ራምቦ ቤት ውብ ነው፤ ከላይ ሆኖ ከተማውን ለማየት የሚወዳደረው የለም፤ ግን ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ከሄደ በኋላ የተሠራ ቤት ነው።

ጅቡም ቢሆን ከትርኢት በፊት አገልግሎት ሰጪ ነው። በግንቡ ሥር ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ማታ ገብቶ የከተማውን ቆሻሻ ሲያጸዳ ኖሯል። በአሹራ ቀን ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ይቀርብለታል፤ ከግማሽ በላይ ከበላ ዓመቱ ጥጋብ ነው፤ ካልነካው ወይም ጠራርጎ ከጨረሰው ደግሞ ክፉ ምልክት ነው። እንግዳ ከፍሎ የሚያየው የየማታው ማጉረስ የመጣው ባለፈው መቶ ዓመት ነው።

እንግዲህ ስለ ምቾት ካነሳን ውሃን መዝለል አይቻልም። ለአሥርት ዓመታት ሐረርን ያጠጣው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ደረቀ፤ በቅርብ ዓመታት ውሃው ዳግም ቢታይም ከተማዋ ከድሬዳዋ አቅጣጫ በረጅም ቧንቧ የሚመጣ ውሃ ጠባቂ ሆና ቆይታለች። ውሃ የምትጠብቅ እናት ስፌት ይዛ አትቀመጥም። አሁን በኮሪደር ልማት መንገዱ ሲነጠፍ፣ መብራቱ ሲተከል፣ ግድግዳው ሲታደስ ደስ ይላል። ግን ለከተማው አስተዳዳሪዎች አንድ ልመና አለኝ፤ ለእንግዳ ተብሎ የሚቀጥለው ነገር ከመሠራቱ በፊት ሦስት ነገር ይቅደም፦ የማይቋረጥ ውሃ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ልጆች የሚያነቡበት ክፍል፣ በግንቡ በየበሩ አጠገብ አዛውንቶች የሚያርፉበት ጥላ ያለው መደብ። መደቡን እንዴት እንደሚሠሩት ግንበኞቹ ከየቤታቸው ያውቁታል።