የሁለት ባልንጀሮች ዜማና የአንድ ድልድይ ስም

በአውስትራልያ አገር፤ በብሪዝበን ከተማ፤ በ2010 ዓመተ ምሕረት (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው) አንድ አዲስ ድልድይ ተከፈተ። የተሰጠው ስም የጦር አለቃ ወይም የአገረ ገዥ ስም አይደለም። ሕዝቡ በድምፅ የመረጠው «ጎ ቢትዊንስ» የተባለውን የሙዚቃ ማኅበር ስም ነው፤ ትርጓሜውም በሁለት ወገን መካከል የሚመላለሱ መልእክተኞች ማለት ነው። ይህ ክብር እንዴት እንደ ተገኘ ለወዳጅም ለቤተ ሰብም ትምህርት ስለሚሰጥ በአጭሩ እንጽፋለን።

ሮበርት ፎርስተርና ግራንት ማክሌናን የተዋወቁት በኲንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳሉ ነው። ፎርስተር ጊታር ይመታ ነበር። ማክሌናን ግን መጻሕፍትንና ሲኒማን ይወድ ነበር እንጂ የሙዚቃ መሣሪያ መጫወት አያውቅም ነበር። ፎርስተር የሠለጠነ ሙዚቀኛ መፈለጉን ትቶ ባልንጀራውን ባስ ጊታር አስተማረውና በ1977 ማኅበሩን አቋቋሙ። ዐዋቂ እንግዳ ከመፈለግ የሚያምኑትን ወዳጅ ማስተማር እንደሚሻል ከዚህ ይታወቃል፤ ተማሪው ብዙ ሳይቈይ ከመምህሩ የሚተካከል የዜማ ደራሲ ሆኗልና።

በ1980 ከበሮ መቺዋ ሊንዲ ሞሪሰን፤ ኋላም ቫዮሊንና ኦቦ የምትጫወተው አማንዳ ብራውን ስለ ተጨመሩ ዜማቸው ልዩ ልዩ መልክ አገኘ።

ከሥራዎቻቸው ስመ ጥሩ በ1983 የወጣው የማክሌናን ድርሰት «ካትል ኤንድ ኬን» ነው፤ ከብትና ሸንኰራ አገዳ ማለት ነው። ማክሌናን አባቱ የሞቱበት ገና ሕፃን ሳለ ነበር፤ ዘፈኑም ያደገበትን አገር ያስታውሳል። የደረሰውም እናቱን ደስ ለማሰኘት እንደ ሆነ ተናግሯል። እናቱ ግን በሚኖሩበት የከብት ርቢ ስፍራ በቂ የኤሌክትሪክ ኀይል ስላልነበረ ሸክላውን ለመስማት አልቻሉም፤ ስለዚህ ልጃቸው በቴሌፎን ዘፈነላቸው። ይኸው ዘፈን በ2001 ከአውስትራልያ 30 ምርጥ ዘፈኖች መካከል ተቈጠረ።

ዐዋቂዎች ሥራቸውን ቢያመሰግኑም ገበያው ግን እንደ ምስጋናው አልሆነም። በ1988 ስድስተኛውን ትልቅ ሸክላ ካወጡ በኋላ፤ በ1989 መጨረሻ ሁለቱ ወዳጆች ብቻቸውን መክረው ማኅበሩን አፈረሱት። ለብዙ ዘመን አብረው የደከሙት ሴቶች ነገሩን የሰሙት ምክሩ ካለቀ በኋላ ስለ ሆነ እጅግ አዘኑ። የሁለት ሰዎች ፍቅር ምንም ቢያምር ሦስተኛውን ባልንጀራ ከምክር ውጭ ሲያደርግ ጉዳት እንደሚያመጣ መታወቅ አለበት።

ፎርስተርና ማክሌናን ከብዙ ዓመት በኋላ እንደ ገና ተባብረው በ2000፤ በ2003ና በ2005 ሦስት ሸክላዎች አወጡ። የመጨረሻው በአገራቸው ሽልማት አገኘ። ነገር ግን ሜይ 6 ቀን 2006፤ ማክሌናን በቤቱ እንግዶችን ለመቀበል በተዘጋጀበት ዕለት በ48 ዓመቱ በድንገት ዐረፈ።

ፎርስተር ከዚያ ወዲያ ማኅበሩን በሌላ ሰው አልተካም። ወዳጁ ጀምሮ የተዋቸውን ዜማዎች ፈጽሞ በ2008 ከራሱ ሥራ ጋራ አወጣቸው፤ በ2016ም «ግራንትና እኔ» የሚል መጽሐፍ ጻፈ።

እነዚህ ሰዎች ለልጆቻቸው ትልቅ ሀብት የሚያወርሱበት ገበያ አላገኙም። ነገር ግን ዛሬ በብሪዝበን ወንዙን የሚሻገር ሁሉ በስማቸው ላይ ያልፋል፤ ድልድይም እንደ እውነተኛ ወዳጅ ሁለቱን ዳር የሚያገናኝ ነውና ስሙ ተስማምቶታል።