መጽሐፍ የጫነው የአህያ ጋሪ

ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ በመቂ፣ በባቱ፣ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ አልፎ ሐዋሳ ይገባል። በእነዚህ ከተሞች የአህያ ጋሪ የማይጭነው ነገር የለም፤ ውሃ በጄሪካን፣ ሽንኩርት በጆንያ፣ ጭድ፣ ከሰል፣ ብሎኬት፣ አንዳንዴም ከገበያ የምትመለስ እናት ከነልጇ። በ2005 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሐዋሳ ውስጥ አንድ ጋሪ ከዚህ ሁሉ የተለየ ጭነት ይዞ ወጣ። ጎንና ጎኑ የሚከፈት፣ ውስጡ በመደርደሪያ የተከፋፈለ ሳጥን ተሸክሞ ነበር፤ ሳጥኑ የያዘውም የልጆች መጻሕፍት ነበር።

ጋሪው ሰፈር ሲደርስ የሳጥኑ ጎኖች ይከፈታሉ፤ በርጩማዎች ይወርዳሉ። ልጆች ተሰልፈው መጽሐፍ ይመርጣሉ፣ ተቀምጠው ያነባሉ፤ ገና ማንበብ ያልጀመሩት ሥዕሉን ያገላብጣሉ፣ ወይም አንባቢው ዙሪያ ተሰብስበው ያዳምጣሉ። ሲጨርሱ መጽሐፉን ይመልሳሉ፤ ጋሪውም ወደሚቀጥለው ሰፈር ይሄዳል። የተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍቱ ሥራ ይኸው ነው።

በዚህ አሠራር የማደንቀው የአገሩን አቅም ማወቁን ነው። አህያ ነዳጅ አትጠይቅም። መኪና የማይገባበት ጠባብ መንገድ ይበቃታል። ጎማው ቢተነፍስ ወይም እንጨቱ ቢሰበር የሚጠግነው ሰው እዚያው ሰፈር አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቤተ መጻሕፍት የሚባል ቤት ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ልጅ የአህያ ጋሪ ያውቃል፤ አያፍረውም፣ ዘበኛ ይመልሰኛል ብሎም አይሰጋም።

የሐሳቡ ባለቤት አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ይባላሉ። የተወለዱት በነገሌ ቦረና ነው፤ አባታቸው ማንበብና መጻፍ የማይችሉ የከብት ነጋዴ ነበሩ፤ ልጃቸው እንዲማር ግን አጥብቀው ይሹ ነበር። ዮሐንስ ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ የሆነ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጃቸው የያዙት በ19 ዓመታቸው ነው፤ እሱም የፍቅር ልብ ወለድ ነበር። በ1981 በፖለቲካ ምክንያት ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ ከዚያም አሜሪካ ገብተው የቤተ መጻሕፍት ሙያ ተማሩና በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ባለሙያ ሆኑ።

ይህ ሙያ በእኛ ዘንድ እምብዛም ስላልተለመደ ጥቂት ልናገርበት። የሕፃናት ክፍል ባለሙያ መጽሐፍ የሚደረድርና የሚያወጣ የሚያገባ ብቻ አይደለም። አዲስ የመጡትን የልጆች መጻሕፍት ራሱ ያነባል። የትኛው ለ4 ዓመት ልጅ፣ የትኛው ለ8 ዓመት እንደሚሆን ይለያል። የልጁን ፊት አይቶ፣ ሁለት ሦስት ጥያቄ ጠይቆ፣ “ይህን ሞክረው” ብሎ ይሰጣል። ልጁ ካልወደደው ሌላ ያመጣል። ዮሐንስ ይህን እየሠሩ በመደርደሪያዎቹ ላይ ከየአገሩ የመጣ ተረት ሲያገኙ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈውን መፈለግ ጀመሩ። ያገኙትም በ1994 የታተመ፣ በተራራ ላይ ስላለው እሳት የሚናገር ባለ ሥዕል መጽሐፍ ነበር። ታሪኩን እናውቀዋለን፤ በብርድ ሌሊት በተራራ ላይ እንዲያድር የተወራረደ ልጅ ከሩቅ የሚታየውን እሳት እያየ ያድራል፤ ጌታውም እሳት ስላየህ ተሸንፈሃል ይለዋል፤ ፍርዱ የሚመለሰው ሽታው ብቻ በሚቀርብበት ግብዣ ነው። ጸሐፊዋ ጄን ከርዝ ናት፤ የሚስዮናውያን ልጅ ሆና ከ2 ዓመቷ ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በተለይ በማጂ ያደገች።

የዮሐንስና የጸሐፊዋ መገናኘት ፍሬ አፈራ። በ1998 ለኢትዮጵያ ልጆች መጽሐፍ የሚያደርስ ድርጅት ተመሠረተ፤ በኋላ ኢትዮጵያ ሪድስ በሚል ስም የታወቀው ነው። በ2002 ዮሐንስ ሁላችንም የምናውቀውን የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ በቀለም ሥዕል አሳተሙ፤ ከሽያጩ የተገኘውም ለቤተ መጻሕፍት መክፈቻ ረዳ። በዚያው ዓመት 15,000 የተለገሱ መጻሕፍት ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በ2003 አዲስ አበባ፣ ሾላ፣ በራሳቸው መኖሪያ ቤት የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። የሐዋሳው ጋሪ ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። ለልጆች ለሚጽፉ ኢትዮጵያውያን ወርቃማ ኩራዝ የሚባል ሽልማትም በዚሁ ድርጅት ተጀመረ። በ2008 ሲኤንኤን ዮሐንስን ከዓመቱ አሥር ጀግኖች አንዱ አድርጎ መረጠ። ዓለም ያጨበጨበው ለአህያዋ ነበር፤ ፎቶዋ ያምር ነበርና። እኔ ግን የጋሪው ዋና ዕቃ መጽሐፉን ቀድሞ አንብቦ ከጋሪው ጋር የሚሄደው ሰው ነው እላለሁ። እሱ ከሌለ ጋሪው የወረቀት ጭነት ነው።

እንዲህ ዓይነት ሰው በአገራችን ታሪክ አዲስ አይደለም። አስቴር ጋኖ በልጅነቷ በባርነት ተሽጣ ቀይ ባሕርን ልትሻገር ስትል በ1886 የጣሊያን መርከብ አስጥሏት በምጽዋ አቅራቢያ በእምኩሉ የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ተማረች። የኦሮሞን ቃላት፣ ተረትና ዘፈን ከትዝታዋ እያወጣች ጻፈች፤ ከባልደረባዋ ከአናሲሞስ ነሲብ ጋር ያዘጋጀችው የአፋን ኦሮሞ ማንበቢያም በ1894 ታተመ። መጽሐፉ ለጀማሪ አንባቢ የተሰናዳ ሆኖ የሕዝቡን አፈ ታሪክ በብዛት ያዘ፤ የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነው። ወጣቷ ሴት ለጀማሪ የሚሆነው ንባብ ከራሱ አያቶች አፍ የወጣው መሆኑን ያን ጊዜ ተረድታ ነበር። ዛሬ ስለ አፋን ኦሮሞ የልጆች መጽሐፍ ስናወራ ከእሷ አለመጀመራችን ይቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ ደግሞ አባባ ተስፋዬ መጡ። ተስፋዬ ሣህሉ የባሌ ተወላጅ ነበሩ፤ ቴሌቪዥን ኢትዮጵያ ውስጥ በ1964 ሲጀመር የልጆችን ዝግጅት ያዙ፣ እስከ 2006 ድረስም ለ42 ዓመታት ተረት አወሩ። ተረት መጻሕፍትም ጽፈዋል፤ ትውልዱ የሚያስታውሳቸው ግን በድምፃቸው ነው። እንደኔ የአማርኛ የልጆች ደራሲ መማሪያው እሳቸው ዘንድ ነው፤ የት ዝም እንዳሉ፣ የት እንደደጋገሙ፣ ልጁን መቼ እንደጠየቁት ማስተዋል ይበቃል። በወረቀት ላይ የሚወርድ ተረት ብዙ ጊዜ የሚደርቀው ይህን ሲያጣ ነው።

አሁን አፋን ኦሮሞና አማርኛ ወደሚገናኙባት ወደ አዳማ ልምጣ። ታላላቆቻችን ዛሬም ናዝሬት የሚሏት ይህች ከተማ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የባቡሩም የመኪናውም መንገድ የሚያልፍባት፣ የሁሉም አገር ሰው የሚገናኝባት ናት። በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አለ፣ በአማርኛ የሚያስተምርም አለ። አንድ ልጅ ቤት ውስጥ በአፋን ኦሮሞ ተቆጥተውት ደጅ ወጥቶ በአማርኛ ብይ ይጫወታል። ከ1991 ወዲህ አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ በላቲን ፊደል ይጻፋል። ስለዚህ የአዳማ ልጅ ሁለት ቋንቋ ብቻ ሳይሆን ሁለት ፊደል ይጠብቀዋል፤ እንግሊዝኛው ሲጨመር ደግሞ የቁቤ ፊደላትን በሌላ ድምፅ ማንበብ ሊማር ነው።

ሸክሙ ቀላል አይደለም። በ2010 በአገሪቱ በተካሄደ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም፤ በኦሮሚያ ቁጥሩ ከዚያም የከፋ ነበር። መምህሩን መውቀስ ይቀላል። ልጁ ግን ከመማሪያ መጽሐፉ ሌላ በቤቱ የሚነበብ ነገር ከሌለው፣ የመማሪያውም መጽሐፍ ለሁለት ለሦስት የሚካፈል ከሆነ፣ በምን ይለማመዳል?

እዚህ ላይ የተለገሰው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስንነት ይታያል። መደርደሪያ ይሞላል፣ ሥዕሉም ደስ ይላል፤ ነገር ግን በረዶና የጭስ መውጫ፣ የማያውቀው ምግብና የማይናገረው ቋንቋ የተሞላ ነው። ልጁ እንዲያይ እንጂ እንዲያነብ አያደርገውም። ጄን ከርዝና ባልደረቦቿ በኋላ ኦፕን ሃርትስ ቢግ ድሪምስ በተባለ ድርጅት በኩል የጀመሩት ሬዲ ሴት ጎ የተባለው ተከታታይ ለዚህ መልስ ነው። ከ100 በላይ ርእሶች ያሉት፣ ለጀማሪ አንባቢ የተዘጋጀ ተከታታይ ሲሆን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ ከእንግሊዝኛ ጋር ጎን ለጎን ይታተማል። ታሪኩ የአገር ቤት ነው፤ በሥዕሉም ላይ ብዙ ኢትዮጵያውያን ተሳትፈውበታል። ለአዳማ የሚጠቅመው ነገር ሥዕሉ በየቋንቋው አለመለወጡ ነው፤ አንድ መምህር የአማርኛውንና የአፋን ኦሮሞውን ቅጂ አጠገብ ላጠገብ አስቀምጦ ሁለት ጎረቤታሞች አንዱን ታሪክ በየቋንቋቸው እንዲያነቡ ማድረግ ይችላል።

ባለ ሥዕል መጽሐፍ ሲሠራ ዐይን የማያየው ብዙ ሥራ አለው። አብዛኛው 32 ገጽ የሚሆነው ትልቁ የማተሚያ ወረቀት ሲታጠፍ በ16 በ16 ገጽ ስለሚወጣ ነው። ከዚያ ላይ የርእስና የአሳታሚ ገጾች ሲቀነሱ ለታሪኩ የሚተርፈው 14 ጥንድ ገጽ ያህል ቢሆን ነው፤ ጥንድ ገጽ ስል ሲከፈት ፊት ለፊት የሚታዩትን ሁለት ገጾች ማለቴ ነው። ደራሲው ታሪኩን ለእነዚህ ያካፍላል፤ ዋናው ጥበብ ገጹ የሚገለጥበት ቦታ ላይ ነው። ጅቡ በሩን አንኳኳ ተብሎ ገጹ ካለቀ ልጁ ራሱ ገልጦ ያያል። ሁሉም በአንድ ገጽ ከተነገረ ምን ሊገልጥ?

የሁለት ፊደል መጽሐፍ ሲሆን ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። የግዕዝ ፊደል አንዱ ምልክት ተነባቢውንም አናባቢውንም ስለሚይዝ የአማርኛው ዓረፍተ ነገር አጭር ቦታ ይበቃዋል፤ ቁቤ ረጅሙን አናባቢና የሚጠብቀውን ድምፅ በድርብ ፊደል ስለሚጽፍ ይረዝማል። ሥዕሉን የሚሠራው ሰው ይህን አስቀድሞ ካላወቀ አንደኛው ጽሑፍ በሥዕሉ ላይ ይወጣበታል። በሌላ በኩል ቁቤ የድምፁን መጥበቅና መርዘም ለልጁ ያሳያል፤ አማርኛ አያሳይም፤ ስለዚህ የአማርኛ ጀማሪ 231 ፊደል ከመልመዱ በላይ የቱ እንደሚጠብቅ ከታሪኩ መገመት አለበት። ለእሱ ሥዕሉ ማስጌጫ ሳይሆን መፍቻ ነው።

መጽሐፍ ለልጅ የሚመርጥ ወላጅ፣ ታላቅ እህት ወይም መምህር የሚያስፈልገው መመዘኛ ብዙ አይደለም። መጀመሪያ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ነው፤ ምላስ የሚያደናቅፍ ዓረፍተ ነገር ለልጅ አይሆንም። ቀጥሎ ሥዕሉ ቃሉ ያልተናገረውን መጨመሩን ማየት ነው። ከዚያ የመጨረሻውን ገጽ ማንበብ ይገባል፤ ብዙዎቹ የአማርኛ ተረት መጻሕፍት በዚህ ይወድቃሉ፣ ታሪኩ በደንብ ከሄደ በኋላ “ስለዚህ ልጆች” ብለው ይመክራሉ። ማሞ ቂሎ እናቱ የነገረችውን ሁሉ በማይሆን ቦታ ሲፈጽም የሚስቅ ልጅ ስህተቱን አይቷል፤ ያየውን መልሶ መንገር የልጁን ማስተዋል መናቅ ነው። ቀድሞ ያነበበው ሰው ያገኘውን ለጎረቤቱ፣ ለዕድሩ፣ ለወላጆች ስብሰባ በስም ጠርቶ ቢናገር ደግሞ ሻጩም አሳታሚውም ይሰማሉ። የአዋቂ ልብ ወለድ በየመጽሔቱ ይተቻል፤ የልጆች መጽሐፍ ግን መልካሙም መጥፎውም ያለ አንድ ቃል ያልፋል።

ትልቁ ክፍተት ያለው ከ12 ዓመት በኋላ ነው። ተረት ያለፈው ልጅ በቀጥታ ወደ አዋቂ ልብ ወለድ፣ ወደ ፍቅር እስከ መቃብር ወይም ወደ ዴርቶጋዳ ይዘላል። ማንበቡ ደስ ይላል፤ ግን የ14 ዓመት ልጅን ራሱን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ቤተሰቡንና ጓደኛውን የሚያሳይ ልብ ወለድ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ጥቂት ነው። ይህን ለመሙላት የተሞከረ አንድ መንገድ አለ። በ1994 የተመሠረተው ኮድ-ኢትዮጵያ በየገጠር ከተማው የንባብ ክፍሎች እየከፈተ የልጆች መጻሕፍትን በአገር ቋንቋዎች ሲያሳትም፣ በካናዳዊው በጎ አድራጊ ቢል በርት ድጋፍ ይሰጥ የነበረውን የበርት ሽልማት በኢትዮጵያ አስተባብሯል። ሽልማቱ ለወጣቶች ለተጻፈ ልብ ወለድ ነበር። ደራሲው ገንዘብ ያገኝ ነበር፤ ካሸነፈው መጽሐፍ በሺዎች የሚቆጠር ቅጂ አስቀድሞ ይገዛና ለትምህርት ቤቶችና ለንባብ ክፍሎች ይታደል ነበር። አሳታሚውን የሚያስፈራው ማን ይገዛኛል የሚለው ጥያቄ በዚህ ይመለስ ነበር፤ መጽሐፉም ሳይሸጥ ቢቀር እንኳ አንባቢው ጋ ይደርስ ነበር። ሽልማቱ የተሰጠው ግን በእንግሊዝኛ ለተጻፈ ሥራ ነበር። ያው አሠራር፣ ያው የቅድሚያ ግዢ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ለተጻፈ የወጣት ልብ ወለድ ቢዘረጋ ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ያሉ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች በቋንቋቸው ስለ ራሳቸው የሚያነቡት ያገኛሉ፤ ለጋሪውም የሚጫን አይጠፋም።