ከውጫሌ ውል እስከ ድረ ገጽ፦ ሁሉም እኩል የሚያነበው ጽሑፍ

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል አንድ ሲሆን ንባቡ ግን ሁለት ነበር። የአማርኛው አንቀጽ 17 ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ በኩል መላላክ ይቻላቸዋል ሲል፣ የጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው፤ የአንዲት ግሥ ጠብም ዓድዋ ድረስ ዘለቀ። ከዚያ በ100 ዓመቱ፣ በ1981 ዓ.ም.፣ ቲም በርነርስ ሊ የዌብን ሐሳብ ጄኔቫ ላይ ሲያቀርብ የገጠመው ጥያቄም ከዚህ አይርቅም፦ አንድ ጽሑፍ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ አንድ ሆኖ እንዴት ይነበብ? ስታንዳርድ የሚባለው ለዚህ ጥያቄ የተገኘ ስምምነት ነው። ድረ ገጽ መሥራት የሚጀምር ተማሪም ከማሳመር በፊት ይህን ስምምነት መልመድ አለበት።

ስምምነቱ ሥራውን ለሁለት ይከፍላል። ኤችቲኤምኤል እያንዳንዱ ጽሑፍ ምን እንደሆነ፣ ማለትም ርዕስ፣ አንቀጽ ወይም ዝርዝር መሆኑን ይናገራል፤ ሲኤስኤስ ደግሞ ምን እንደሚመስል ይወስናል። ጀማሪ ብዙ ጊዜ ፊደሉን አተልቆና አድምቆ "ርዕስ" ይለዋል። ዓይን ይታለላል፤ ለማየት ለተሳነው ተማሪ ገጹን የሚያነብለት ሶፍትዌር ግን ከርዕስ ወደ ርዕስ ሊዘልለት አይችልም። ርዕስነቱ በኤችቲኤምኤል ምልክት (ታግ) ከተነገረ ግን በ40 ገጽ ያሉ ርዕሶችን ቀለም መቀየር የአንድ መስመር ሥራ ይሆናል። ነገሩ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። እንደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ባሉ ገዳማት ብራና የጻፉ ቁም ጸሐፊዎች የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም የሚጽፉት ስሙ የማን እንደሆነ አይተው ነው፤ ቀለሙ ትርጉሙን ይከተላል።

ስምምነት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አማርኛ ራሱ ይመሰክራል። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የጋራ ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ፎንት ሠሪው ሁሉ የየራሱን ቁጥር ለፊደል ይሰጥ ነበር። ያ ፎንት የሌለው አንባቢ ገጹን ሲከፍት የሚያየው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነበር። ችግሩን ለመሸሽ ጽሑፉን ፎቶ አድርጎ የሚለጥፍም ነበር፤ ፎቶ ግን በፍለጋ አይገኝም፣ በጠባብ የስልክ ስክሪን መስመሩን አያጥፍም፣ ዳታም ይበላል።

ዝግጁ ቴምፕሌት እያለ ለምን በእጅ ይጻፋል የሚል አይጠፋም። ቴምፕሌት ጊዜ እንደሚቆጥብ እውነት ነው፤ አብዛኛው ግን ለላቲን ፊደል የተሰፋ ልብስ ነው። አጽንዖት ለመስጠት ፊደል ያጋድላል፤ ፊደላችን ደግሞ የመጋደል ልማድ ስለሌለው ብራውዘሩ በግድ ያጣምመዋል። ሲኤስኤስ የገባው ተማሪ ማጋደሉን አጥፍቶ በቀይ ቀለም ይተካዋል፣ የተጨናነቀውንም መስመር ያፍታታዋል፤ ያልገባው የተሰጠውን ለብሶ ይቀራል። ስታንዳርድ ፈጠራን ያስራል የሚለውም ብዙ አያራምድም። ቁም ጸሐፊዎች ሁሉ ብራናውን በወስፌ ወግተው መስመር ያሰምሩ ነበር፤ የጌጥ ሐረጉ ግን ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያል።

መምህር የተማሪውን ሥራ በቀላሉ ሊፈትነው ይችላል፦ ሲኤስኤሱን አንሥቶ ገጹን እንደገና መክፈት። ጌጡ ሁሉ ይረግፋል። ርዕሱ ርዕስ፣ ዝርዝሩም ዝርዝር ሆኖ ከቀረ ተማሪው ውሉን አክብሯል።