ከፍታ ላይ ትኩረታችን ለምን ይከዳናል?

እስቲ ይህን ሞክሩ። «ቀይ» የሚለውን ቃል በሰማያዊ እስክሪብቶ ጻፉና ቀለሙ ምን እንደሆነ ቶሎ ተናገሩ። ምላሳችሁ «ቀይ» ሊል ይቸኩላል አይደል? ችኮላውን ገትቶ «ሰማያዊ» የሚያስብላችሁ ትኩረት ነው። ተመራማሪዎች ከፍታ ትኩረትን ምን ያህል እንደሚጎዳ ከሚለኩባቸው ዘዴዎች አንዱ ይኸው ነው።

ኤቨረስት ጫፍ፣ 8,849 ሜትር ላይም ቢሆን ከአየሩ 21 በመቶ ገደማው ኦክስጅን ነው፤ እንደ ባሕር ጠረፍ ማለት ነው። የሚለየው የአየሩ ግፊት ነው። እዚያ ላይ ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል፤ በአንድ ትንፋሽ የምናስገባው ኦክስጅንም አብሮ ያንሳል። አንጎላችን ደግሞ ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ አርፈን ስንቀመጥ ከምንጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ገደማውን ይወስዳል። ሲጎድልበት ውሳኔው ይዘገያል፣ ስህተቱ ይበዛል። ክፋቱ ግን ሰውየው ራሱ ብዙ ጊዜ አያውቀውም።

ታዲያ ልምምድ ያድናል? አንዳንድ ተራራ ወጪዎች ከጉዞው በፊት ለሳምንታት ኦክስጅኑ በተቀነሰበት ድንኳን ውስጥ ይተኛሉ። ሰውነታቸው ቀስ በቀስ አብዝቶ መተንፈስን ይለምዳል፤ ቆይቶም ቀይ የደም ሴሎች ይጨምራሉ። ልብ በሉ፦ ይህ አንጎልን ያለ ኦክስጅን መሥራት አያስተምረውም፤ ኦክስጅኑ በደንብ እንዲደርሰው ነው የሚያደርገው። ለዚህም ገደብ አለው። ድንኳኑ የኤቨረስትን ጫፍ አይተካም፤ ልምዱም ዝቅ ወዳለ ቦታ ሲመለሱ ቀስ በቀስ ይጠፋል።

እ.ኤ.አ. በሜይ 1996 ኤቨረስት ላይ ማዕበል ተነስቶ 8 ሰዎች ሞቱ። በደቡቡ በኩል የወጡት ከፍታውን ለሳምንታት ሲለማመዱ የቆዩ ነበሩ። ግፋ ቢል ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ መመለስ ነበረባቸው፤ በርካቶቹ ግን ጫፉ ላይ የደረሱት ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ነው። ጥፋቱን ሁሉ በኦክስጅን እጥረት ማሳበብ ባይቻልም፣ አንድ ነገር ግልጽ ነው፦ «እንመለስ ወይስ እንቀጥል?» የሚለው ከባድ ጥያቄ የሚመጣው አንጎል በተዳከመበት ሰዓት ነው።

እናንተም አንድ ቀን ከ4,500 ሜትር በላይ ወደሆነው ራስ ዳሸን ብትወጡ፣ የመመለሻ ሰዓታችሁን ታች ሳላችሁ ወስኑ። ጓደኛችሁ ከተደናገረ ወይም መንገዳገድ ከጀመረ «ደህና ነኝ» ቢላችሁም አትመኑት። ይዛችሁት ውረዱ።