አምባሩ ቆጣሪ፣ ታብሌቱ መዝገብ

እናቴ ባለ ቁልፍ ስልኳን መቀየር አትፈልግም። ቻርጁ ሳምንት ይቆያል፣ ቢወድቅም አይሰበርም፤ «ምን ጎደለኝ?» ትላለች። ለመዝሙርና ለስብከት ግን ታብሌት አላት። ሐኪሟ በየቀኑ እንድትራመድ ሲያዟት እህቴ ከአሜሪካ ፊትቢት ኢንስፓየር 3 የተባለውን የእጅ አምባር ላከችላት። ቤተሰቡን ያሳሰበው አንድ ነገር ነበር፤ ዘመናዊ ስልክ ለሌለው ሰው ይህ ዕቃ ይሠራል ወይ?

ይሠራል። ቆጠራው የአምባሩ የራሱ ሥራ ነውና። በውስጡ እንቅስቃሴን የሚለካ ደቃቅ መሣሪያ አለ፤ ስንራመድ ክንዳችን የሚወዛወዝበትን ምት ለይቶ እርምጃ ብሎ ይይዛል። ከሥሩ የሚበራው አረንጓዴ መብራት የልብ ምት ይለካል። ደም አረንጓዴ ብርሃን ይመጥጣል፤ ልብ በመታ ቁጥር ቆዳ ሥር ያለው ደም ስለሚበዛ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ይቀንሳል፣ አምባሩም ያንን መቀነስ ይቆጥራል። እናቴ በግራ እጇ አንጓ ላይ የልጅነት ንቅሳት አላት። የንቅሳት ቀለም ብርሃኑን ስለሚጋርድ ቁጥሩ አንዴ ይጠፋል፣ አንዴ ይዘላል። ወደ ቀኝ እጇ አዛወርነውና ተስተካከለ። እንዲህ ያለ ንቅሳት ያላቸው እናቶች በየቤቱ ስላሉ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈለግሁም።

ታብሌቱ እንግዲህ መዝገብ ያዥ ነው። የፊትቢት መተግበሪያ ይጫንበታል፣ አካውንት ይከፈታል፣ ከዚያ ብሉቱዝ በርቶ ሁለቱ ይገናኛሉ። አንድሮይድ 11ና ከዚያ በፊት ባሉት ታብሌቶች ላይ ሎኬሽንም መብራት አለበት። ይህችን ብዙ ሰው ይረሳትና «አምባሩ ተበላሽቷል» ብሎ ያስቀምጠዋል። አምባር ከመግዛታችሁ በፊት ግን መተግበሪያው ያላችሁን ታብሌት የሚቀበል መሆኑን አጣሩ፤ ታብሌት ጭራሹን የማይቀበሉ ዕቃዎችም አሉ። አፕል ዎች ለምሳሌ ከአይፎን እንጂ ከአይፓድ ጋር አይጣመርም።

እናቴ ጠዋት ስትወጣ ታብሌቱ ቤት ይቀራል። አምባሩ የሰባት ቀን እንቅስቃሴ በየደቂቃው፣ የ30 ቀን ድምር ደግሞ በየቀኑ ይዞ መቆየት ስለሚችል የሚጠፋ ነገር የለም። ማታ ከራት በኋላ ታብሌቱን አጠገቧ ስታስቀምጥ የቀኑ ሁሉ ይተላለፋል። የሚቀርባት የስልክ ጥሪ አንጓዋ ላይ አለመታየቱ፣ የሄደችበት መንገድም በካርታ አለመሳሉ ነው። ኢንስፓየር የራሱ ጂፒኤስ የለውም፤ አብሮት ከሚሄድ ስልክ ይበደራል። ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ለምትመለስ ሴት ካርታው ምን ያደርግላታል?

አንድ ነገር ግን በታብሌቱ ለወጥንላት። አምባሩ ከፋብሪካ ሲወጣ 10,000 እርምጃ ግብ ተደርጎለት ነው። ይህ ቁጥር ከሕክምና ጥናት አልተነሣም። አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ያመጣበት የ1964ቱ የቶኪዮ ኦሎምፒክ ካለፈ በኋላ፣ በ1965 ያማሳ የተባለ የጃፓን ኩባንያ «ማንፖኬ» የሚል እርምጃ መቁጠሪያ ለገበያ አቀረበ፤ ትርጉሙ የአሥር ሺህ እርምጃ መለኪያ ማለት ነው። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ጉልበቷን ለሚያማት እናቴ ከሐኪሟ ጋር ተነጋግረን 4,000 አደረግነው። ግቧ ላይ ስትደርስ አምባሩ አንጓዋ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ያን ቀን ደስታዋ ፊቷ ላይ ይነበባል።

ቆጠራው ስሕተት አያጣውም። ዣንጥላ ይዛ እጇ ካልተወዛወዘ የሄደችውን ያሳንስባታል፤ ቡና ስትወቅጥ ደግሞ የዘነዘናውን ምት እርምጃ ብሎ ይጨምርላታል። ይህን ባስረዳኋት ጊዜ ሙቀጫውን ወደ ደረቷ አስጠግታ፣ «ታዲያ ቡና መውቀጥ ሥራ አይደለም? ይቆጠርልኝ እንጂ» አለችኝ።